«መቻል» በስፓኒሽ፦ «ፖዴር» የት፣ «ሳቤር» የት?

አንድ ጠያቂ የላኩት ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። ‹መቻል› ማለት ‹ፖዴር› ነው ብዬ ይዤ ነበር። ‹ስፓኒሽ እችላለሁ› ለማለት ‹ፑዌዶ ኤስፓኞል›፣ ‹ዋና እችላለሁ› ለማለት ‹ፑዌዶ ናዳር› ስል አስተማሪዬ ሁለቱንም ያርሙኛል፤ ‹መግባት እችላለሁ?› ለማለት ‹ፑዌዶ ኤንትራር?› ስል ግን ልክ ነው ይሉኛል። ‹ሳቤር› ለአእምሮ ችሎታ፣ ‹ፖዴር› ለአካል ጉልበት ነው የሚል ማብራሪያ አግኝቼ ነበር፤ ዋና የአካል ነገር ሆኖ ሳለ ለምን በ‹ሳቤር› እንደሚነገር ግን አልገባኝም። ፈቃድ ስጠይቅስ ሁልጊዜ ‹ፖድሪያ› ማለት ይኖርብኛል?»

አእምሮና አካል የሚለው ክፍፍል ስሕተት ነው፤ ግራ የተጋቡትም በእርሱ ምክንያት ስለሆነ አስቀድሞ መጣል ያለበት እርሱ ነው። «ሳቤር» ከሌላ ግስ ፊት ሲቆም የሚናገረው ስለ ተማሩትና ስለ ለመዱት ሙያ ነው፤ ሙያው በእጅ ይሠራ፣ በእግር ወይም በጭንቅላት ለስፓኒሽ ለውጥ አያመጣም። መዋኘት፣ መንዳት፣ መስፋት፣ ጊታር መጫወት፣ ማንበብ፣ መደነስ ሁሉም የ«ሳቤር» ናቸው፤ ሰው እነዚህን ይዞ አይወለድም፣ አንድ ጊዜ ካወቃቸው በኋላ ግን ቢተኛም ቢታመምም አብረውት ይኖራሉ። «ፖዴር» በበኩሉ የሚናገረው ስለ ሁኔታ ነው፦ ጊዜ አለ ወይ፣ ጉልበት አለ ወይ፣ ጤና አለ ወይ፣ መሣሪያው ተገኝቷል ወይ፣ የሚከለክል ሰው ወይም ሕግ አለ ወይ። «ሳቤር» የሚጠይቀው «ታውቅበታለህ?» ብሎ ነው፤ «ፖዴር» የሚጠይቀው «የሚያግድህ ነገር የለም?» ብሎ ነው። ፈቃድ ከ«ፖዴር» ጋር የሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክልከላ ከእገዳዎች አንዱ ነውና።

ስሕተቱ የመጣው ከአማርኛው ነው። «ቻለ» እጅግ ሰፊ ግስ ነው፤ ሰው ቋንቋ ይችላል፣ ዋና ይችላል፣ ነገ መምጣት ይችላል፣ ከተፈቀደለት መግባት ይችላል፣ እንዲያውም መከራን ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ግስ መናገር የለመደ ሰው ስፓኒሽ ውስጥም አንድ ግስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ደግነቱ መፈተኛውም እዚያው አማርኛ ውስጥ ይገኛል። ለመናገር ያሰቡትን ዓረፍተ ነገር ይያዙና «እችላለሁ» የሚለውን አውጥተው «አውቃለሁ» የሚለውን ይተኩበት። «ዋና እችላለሁ» የሚለው «ዋና አውቃለሁ» ቢባል ትርጉሙ አይናጋም፤ ስለዚህ «ሳቤር» ነው፣ «ሴ ናዳር» ይባላል። «ነገ መምጣት እችላለሁ» የሚለውን «ነገ መምጣት አውቃለሁ» ብለው ሲቀይሩት ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ ስለዚህ «ፖዴር» ነው፣ «ፑዌዶ ቤኒር ማኛና» ይባላል። «ይህ መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል» የሚለውም «መሄድ ያውቃል» ሊባል አይችልምና የ«ፖዴር» ነው። ከዚህ ፈተና ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ «ሄጄ አላውቅም» በሚለው አነጋገር ውስጥ ያለው «ማወቅ» ስለ ሙያ ሳይሆን ስለ ገጠመኝ ስለሆነ ከ«ሳቤር» ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስፓኒሹ «ኑንካ ኤ ኢዶ» ነው።

«ፑዌዶ ኤስፓኞል» የሚለው ግን ከሌሎቹ የተለየ ስሕተት ነው። «ፖዴር» በዚህ አገባቡ ከኋላው ግስ እንዲከተለው ይፈልጋል፤ የቋንቋ ስም ብቻውን ሊከተለው አይችልም። «ሳቤር» ግን ስምንም ግስንም ስለሚቀበል «ሴ ኤስፓኞል» ማለት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚዘወተረው ደግሞ «አብሎ ኤስፓኞል» ነው፣ ቃል በቃል «ስፓኒሽ እናገራለሁ» ማለት። «ፑዌዶ አብላር ኤስፓኞል» ቢሉ ሰዋስው አልፈረሰም፤ ሰሚው የሚረዳው ግን ስፓኒሽ ለመናገር የሚከለክልዎት ነገር እንደሌለ ነው፦ በስብሰባው ላይ በዚያ ቋንቋ መናገር ተፈቅዶልዎት ይሆናል፣ ወይም ደክሞዎት ቆይቶ አሁን በርትተው ይሆናል። ይህን ልዩነት ከጅምሩ ማስተዋል ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ «ፖዴር» በ«ሳቤር» ቦታ ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር ይናገራል እንጂ አይፈርስም፣ ስለዚህ ሰሚው ላያርምዎት ይችላል።

ሁለቱ ግሶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ድንበራቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሴ ናዳር፣ ፔሮ ኦይ ኖ ፑዌዶ፤ ቴንጎ ኤል ብራሶ ሮቶ» የሚለው «ዋና አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን አልችልም፤ ክንዴ ተሰብሯል» ማለት ነው። ሙያው በሰውየው ዘንድ እንዳለ ነው፤ መንገዱን የዘጋው ስብራቱ ነው። «ሴ ሌዬር፣ ፔሮ ሲን ጋፋስ ኖ ፑዌዶ» የሚለው ደግሞ ማንበብ የሚያውቅ ሆኖ መነጽሩን ያጣ ሰው ንግግር ነው። የጠጣ ሾፌር «ሴ ኮንዱሲር፣ ፔሮ ኖ ፑዌዶ፤ ኤ ቤቢዶ» ይላል፤ በስፔን «ኮንዱሲር» የሚባለው መንዳት በብዙዎቹ የአሜሪካ አገሮች «ማኔኻር» መባሉን ልብ ይበሉ እንጂ የ«ሴ» እና የ«ፑዌዶ» ክፍፍል አይለወጥም። በተቃራኒው «ፑዌዶ ናዳር አኪ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ችሎታው አልጠየቀም፤ እዚህ ቦታ መዋኘት መፈቀዱን ወይም አለመፈቀዱን፣ ወይም ውኃው አደገኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈልጓል። በዚያ ቦታ «ሴ ናዳር አኪ?» ቢል ሰሚው ግራ ይጋባል፤ ሰው የራሱን ችሎታ ከሌላ ሰው አይጠይቅም።

ስለ ቅርጻቸው ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ሳቤር» በአሁን ጊዜ የሚያስቸግረው በአንደኛ መደብ ነጠላ ብቻ ነው፦ «ሴ»፤ ቀሪው «ሳቤስ፣ ሳቤ፣ ሳቤሞስ፣ ሳቤይስ፣ ሳቤን» እያለ ደንቡን ጠብቆ ይሄዳል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «አውቃለሁ» የሚለው «ሴ» አናባቢው ላይ ጭረት ይደረግበታል፤ ከዚህ በታች የምንመለከተው «ሴ ፑዌዴ» ውስጥ ያለው «ሴ» ግን ጭረት የለውም፣ ሌላ ቃል ነው። «ፖዴር» ደግሞ «ፑዌዶ፣ ፑዌዴስ፣ ፑዌዴ፣ ፖዴሞስ፣ ፖዴይስ፣ ፑዌዴን» ይላል፤ «ፑዌ» የተባለው በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አንድ ቀለም ይነገራል። መካከል ላይ «ፖ» ተመልሶ የሚመጣው በዘፈቀደ አይደለም። የድምፁ ጫና በግሱ ሥር ላይ ሲያርፍ «ኦ» የነበረው ወደ «ዌ» ይሰበራል፣ ጫናው ወደ መድረሻው ሲሸሽ ግን «ኦ» እንደነበረ ይቀራል፤ «ዱዌርሞ» እና «ዶርሚሞስ» (እተኛለሁ፣ እንተኛለን)፣ «ቡዌልቦ» እና «ቦልቤሞስ» (እመለሳለሁ፣ እንመለሳለን) የሚሄዱትም በዚሁ ሕግ ነው። ይህን የተረዳ ሰው በአርጀንቲናና በኡራጓይ ለቅርብ ሰው የሚባለውን «ቦስ ፖዴስ» ሲሰማ አይደናገጥም፤ ጫናው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሥሩ አልተሰበረም።

በሥራ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታየኝ ስሕተት ግን ከሁለቱ ግሶች ቀጥሎ በሚመጣው ግስ ላይ የሚፈጸመው ነው። አማርኛ «መዋኘት እችላለሁ» እንደሚል ሁሉ «ልዋኝ እችላለሁ» ይላል፤ በሁለተኛው አነጋገር ሁለቱም ግሶች ባለቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህን ልማድ ይዞ የሚሄድ ተማሪ «ፑዌዶ ናዶ» ይላል። ስፓኒሽ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው፦ ፊተኛው ግስ በመደብ ይረባል፣ ኋለኛው በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል፣ ማለትም እንደ እኛ የ«መ» ቅርጽ ንዑስ አንቀጽ ሆኖ ይቀራል። በመካከላቸውም ምንም አይገባም፤ «መማር» የሚለው «አፕሬንዴር» ከኋላው «አ»ን ስለሚያስከትል «አፕሬንዶ አ ናዳር» መባሉን የለመዱ ሰዎች «ሴ አ ናዳር» ይላሉ፣ ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ተውላጠ ስም ሲጨመር ሁለት ቦታ አለው፤ ሦስተኛ የለውም። «ልትረዳኝ ትችላለህ?» ለማለት «ሜ ፑዌዴስ አዩዳር?» ወይም «ፑዌዴስ አዩዳርሜ?» ይባላል፤ በትርጉም አይለያዩም። «ፑዌዴስ ሜ አዩዳር» ብሎ መሐል ላይ ማንጠልጠል ግን በዛሬው ስፓኒሽ አይቻልም። አማርኛ ተውላጠ ስሙን ከዋናው ድርጊት ጋር ስለሚለጥፍ («ልትረዳ-ኝ») ለእኛ ሁለተኛው አደራደር ይቀልላል፣ ጀማሪም እርሱን ቢይዝ ይበቃዋል። አሉታውን በተመለከተ አማርኛ በትክክል ይመራዎታል፦ «ኖ ፑዌዶ አብላር» ማለት «መናገር አልችልም» ሲሆን «ፑዌዶ ኖ አብላር» ማለት «አለመናገር እችላለሁ»፣ ማለትም ዝም የማለት መብት አለኝ ማለት ነው። «ኖ» የሚያፈርሰው ቀጥሎት ያለውን ግስ ነው።

አንዳንድ ቦታ «መቻል» ጭራሽ አያስፈልግም። የመስማትና የማየት ግሶች በስፓኒሽ ያለ «ፖዴር» ነው የሚነገሩት፦ «ሜ ኦዬስ?» ማለት «ይሰማሃል?»፣ «ኖ ቤዮ ናዳ» ማለት «ምንም አይታየኝም» ነው። የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሊሳሳት አይገባም ነበር፤ እኛም ስልክ ላይ «ልትሰማኝ ትችላለህ?» አንልም። ስሕተቱ የሚገባው ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሐፍ በሚማሩ ሰዎች በኩል ነው፤ እንግሊዝኛው በዚህ ቦታ የመቻል ግስ ስለሚጨምር ተማሪው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ እየዞረ ያልነበረ ችግር ያመጣል። በቀጥታ ከአማርኛ ቢነሱ ይሻላል። «ፖዴር» ከማየት ጋር የሚመጣው መጋረድን አጥብቆ ለመናገር ነው፤ ከዚያም ጋር ይጠንቀቁ፣ ስለ ሰው «ኖ ሎ ፑዌዶ ቤር» ሲባል በአብዛኛው «ዓይኑን ማየት አልፈልግም» የሚል የጥላቻ ንግግር ነው።

አሁን ወደ ፈቃድ እንለፍ። «ፖድሪያ»፣ ማለትም የ«ፖዴር» የተለሳለሰ ቅርጽ፣ ግዴታ አይደለም። «ፑዌዶ ኤንትራር?»፣ «ፑዌዶ አብሪር ላ ቤንታና?» የሚሉት ጨዋ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለጓደኛ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለአስተማሪም ይበቃሉ። «ፖድሪያ» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ለማያውቁት ትልቅ ሰው፣ በመሥሪያ ቤት፣ ወይም የሚጠይቁት ነገር ሰውየውን የሚያስቸግር ሲሆን ተገቢ ነው። ለቅርብ ወዳጅ በየደቂቃው «ፖድሪያ» ማለት ግን በመካከላችሁ የሌለ ርቀት ይፈጥራል፣ አንዳንዴም የተቆጣ ሰው ንግግር ይመስላል። አክብሮት በስፓኒሽ የሚያርፈው ከሁሉ በፊት በመደቡ ላይ ነው፦ ለ«አንተ»ም ለ«አንቺ»ም «ፑዌዴስ»፣ ለ«እርስዎ» «ፑዌዴ»። ጾታ አይለይም። «ፑዌዴ» የ«እርሱ»ም የ«እርስዎ»ም መሆኑ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ሆኖም «ይችላሉ» የሚለው የራሳችን ቃል «እነርሱ»ንም «እርስዎ»ንም አንድ ላይ ይዞ ስንኖር ተቸግረን አናውቅም። ብዙ ሰው ሲያነጋግሩ በስፔን ለቅርብ ሰዎች «ፖዴይስ»፣ በአሜሪካ አገሮች ለሁሉም «ፑዌዴን» ይባላል።

«ማቆም ይቻላል?»፣ «ፎቶ ማንሳት አይቻልም» የሚለው የባለቤት አልባ አነጋገራችን ስፓኒሽ ውስጥ እኩያ አለው፤ እርሱም «ሴ ፑዌዴ» ነው። «ሴ ፑዌዴ ፉማር አኪ?» «እዚህ ማጨስ ይቻላል?» ሲሆን መልሱ «ኖ፣ አኪ ኖ ሴ ፑዌዴ» ይሆናል። በር አንኳኩቶ አንገት ብቅ አድርጎ «ሴ ፑዌዴ?» ማለት ብቻውን «መግባት ይቻላል?» ነው፤ ይህችን አንዲት ሐረግ የያዘ ጀማሪ ብዙ በር ይከፈትለታል። ለመከልከልም ከ«ኖ፣ ኖ ፑዌዴስ» ይልቅ «ሎ ሲየንቶ፣ ኖ ሴ ፑዌዴ» ይለሰልሳል፤ ክልከላውን ከተናጋሪው ላይ አንሥቶ በሕጉ ላይ ይጥለዋልና። የሚከተለው ስም ብዙ ሲሆን ግሱም ይበዛል፣ «ሴ ፑዌዴን አሴር ፎቶስ» ይባላል፤ ይህን ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢስቱትም የሚያስጨንቅ አይደለም። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ «ፕሮኢቢዶ ፉማር» ቢያዩ «ማጨስ ክልክል ነው» ማለት ነው፤ ለማንበብ እንጂ በንግግር ለመጠቀም አይቸኩሉ፣ ከአፍ ሲወጣ የትእዛዝ ጠረን አለው።

«ልግባ?»፣ «ልክፈተው?» የሚለውን አጭር አነጋገርስ? ስፓኒሽ ለዚህ የአሁን ጊዜን በጥያቄ ድምፅ ይጠቀማል፦ «ኤንትሮ?»፣ «ሎ አብሮ?»። «ፑዌዶ» ሳይጨመር ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ቀለል ያለና በቅርብ ሰዎች መካከል የሚዘወተር ነው።

ማንም ያላስጠነቀቀዎት ወጥመድ የሚገኘው «አስገባኝ»፣ «አያስወጡኝም» በሚሉት የአስደራጊ ግሶቻችን ላይ ነው። አማርኛ በ«አስ» ማስገደድንም መፍቀድንም ይናገራል፦ «ዘበኛው አስወጣኝ» ሲባል ገፍቶ ማስወጣትም በሩን ከፍቶ ማሳለፍም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ከሁኔታው ነው። ስፓኒሽ ሁለቱን በሁለት ግስ ይለያል። ለማስገደድ «አሴር»፣ ለመፍቀድ «ዴኻር» ይገባል። ስለዚህ «ወላጆቼ ማታ አያስወጡኝም» ለማለት «ሚስ ፓድሬስ ኖ ሜ ዴኻን ሳሊር» ይባላል፤ «ኖ ሜ አሴን ሳሊር» ብሎ የተናገረ ተማሪ «ወላጆቼ እንድወጣ አያስገድዱኝም» ብሏል፣ ማለትም የልቡን ተቃራኒ ተናግሯል። «አስገባኝ» ሲሉ «ዴኻሜ ኤንትራር»፣ «እስቲ አሳየኝ» ሲሉ «ዴኻሜ ቤር»፣ «ታሳልፈኛለህ?» ሲሉ «ሜ ዴኻስ ፓሳር?» ይበሉ። «ፔርሚቲር» የሚባል ሌላ የመፍቀድ ግስም አለ፤ ከ«ዴኻር» ይልቅ የመሥሪያ ቤት ጠባይ ስላለው በደንቦችና በማስታወቂያዎች ላይ ያዩታል። «ሜ ፔርሚቴ?» የሚለው አጭር አክብሮታዊ ጥያቄና በሰዎች መካከል ሲያልፉ የሚባለው «ኮን ፔርሚሶ» ግን በየዕለቱ የሚሰሙ ናቸው።

ፈቃድ ሲጠየቁ ስለሚሰጡት መልስ ደግሞ አንድ ነገር። «ቴ ኢምፖርታ ሲ አብሮ ላ ቤንታና?» ማለት «መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልሃል?» ነው፤ ስለዚህ መፍቀድ የሚፈልግ ሰው እንደ አማርኛው ሁሉ «አይ» ብሎ ነው የሚጀምረው፦ «ኖ፣ አብሬላ»። በ«ፑዌዶ» ለተጠየቀ ደግሞ «ሲ» ብቻ ብሎ ዝም ማለት ቁጥብነት ያለበት ይመስላል፤ «ሲ፣ ክላሮ» ብሎ የተጠየቀውን ድርጊት በትእዛዝ መልክ መድገም የተለመደ ነው። «ፓሳ፣ ፓሳ» ብለው ሁለት ጊዜ ቢጠሩዎት እንደ መቻኮል አይቁጠሩት፤ ልክ «ግቡ ግቡ» እንደምንለው ነው። «ፑዌዴስ ሴራር ላ ፑዌርታ?» ቢባሉም የበር አዘጋግ ችሎታዎ አልተጠየቀም፤ በሩን መዝጋት ነው። «ሳቤስ ሴራር ላ ፑዌርታ?» ከተባሉ ግን ያው ችሎታዎ ተጠይቋል፣ ያለ ጥርጥርም በቁጣ ነው።

ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሻገሩ ጉዳዩ ይረቃል። አማርኛ «በሩን መክፈት ቻልኩ» እና «በሩን መክፈት እችል ነበር» ብሎ ይለያል፤ ስፓኒሽም «ፑዴ አብሪር ላ ፑዌርታ» እና «ፖዲያ አብሪር ላ ፑዌርታ» ይላል። «ፑዴ» ነገሩ ተሞክሮ መሳካቱን፣ «ኖ ፑዴ» ደግሞ ተሞክሮ መክሸፉን ይነግራል። «ፖዲያ» ስለ ውጤቱ ዝም ይላል፤ አቅሙ ወይም ፈቃዱ እንደነበረ ብቻ ነው የሚያስታውቀው፣ በሩ ይከፈት አይከፈት አይታወቅም። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩት «እችል ነበር» የሚለው አነጋገራችን «ገንዘብ ቢኖረኝ መሄድ እችል ነበር» በሚለው ውስጥም ስለሚያገለግል ነው፤ በዚህ ጊዜ ስፓኒሹ «ፖድሪያ» ይሆናል፣ ነገሩ ያለፈ ከሆነም «ፖድሪያ አቤር ኢዶ» ይባላል። «ፖዲያ» እና «ፖድሪያ» የሚለያዩት በአንዲት «ር» ብቻ ስለሆነ ጆሮ ሊያመልጠው ይችላል፤ ከአፍ ሲያወጧትም አይዋጧት።

«ሳቤር»ም በኃላፊ ጊዜ ከ«ፖዴር» ጎን ሲቆም ስለ ምክንያቱ ይናገራል። ፈተና ላይ «ኖ ሱፔ ሬስፖንዴር» የሚል ተማሪ መልሱን ስላላወቀ ነው ያልመለሰው፤ «ኖ ፑዴ ሬስፖንዴር» የሚለው ግን ሰዓት አልቆበት፣ እስክሪብቶ ጠፍቶበት ወይም አሞት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሁለቱም «መመለስ አልቻልኩም» ይባላሉ። ይሁን እንጂ «ሱፔ» ብቻውን፣ ግስ ሳይከተለው ሲመጣ «ደረስኩበት፣ ሰማሁ» ወደሚል ትርጉም ያዘነብላልና «አውቅ ነበር» ለማለት «ሳቢያ» የሚለውን ይያዙ፤ «ሳቢያ ናዳር» ማለትም «ዋና አውቅ ነበር» ነው።

መጽሐፎች አማራጭ ብለው የሚያቀርቡት «ሴር ካፓስ ዴ» የሚለው ሐረግ አለ፤ «አቅም ያለው መሆን» እንደ ማለት ነው። ጀማሪ እንዳይነካው እመክራለሁ። «ኤስ ካፓስ ዴ ቶዶ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ አልተመሰገነም፤ ከምንም የማይመለስ ነው ተብሎ ነው። «ኤስ ካፓስ ዴ ኖ ቤኒር» ማለትም «ላይመጣም ይችላል፣ ጉዱ ነው» የሚል ጥርጣሬ ነው። አንድን ሰው በዚህ ሐረግ ስለ ችሎታው ሲጠይቁት የድፍረት ፈተና የቀረበለት ሊመስለው ይችላል። እንዲሁም «ሊመጣ ይችላል» የሚለው ግምታችን ስለ አቅም ወይም ስለ ፈቃድ ሳይሆን ስለ ይሆናል የሚናገር ስለሆነ «ፑዌዴ ኬ ቤንጋ» በሚል አገባብ ይነገራል፤ ይህ ደግሞ ገና ያልደረሱበትን የግስ ዘርፍ ይጠይቃል። እስከዚያው «ፑዌዴ ሴር»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ ያወጣዎታል። ሲመርዎትም «ኖ ፑዌዶ ማስ» ይበሉ፤ «በቃ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ማለት ነው። መከራን የሚችለው «ቻለ»ም «ፖዴር ኮን» በሚለው ውስጥ ወንድሙን ያገኛል፦ «ኖ ፑዌዶ ኮን ኤስቶ»፣ «ይህን ነገር አልቻልኩትም»።

ምክሬ የሚከተለው ነው። ለጥቂት ሳምንታት «መቻል ማለት ፖዴር ነው» የሚለውን ከማስታወሻ ደብተርዎ ሰርዘው በምትኩ ሦስት ነገር ብቻ በላቲን ፊደል ይጻፉ፦ ለሙያ «ሴ» ከነጭረቱ፣ ለሁኔታና ለራስዎ ፈቃድ «ፑዌዶ»፣ ለአጠቃላይ ፈቃድ «ሴ ፑዌዴ»፤ ከሦስቱም ኋላ ያልተረባ ግስ። በየቀኑ ራስዎ የሚያውቁትን አንድ ሙያ ወስደው «አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ አልችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነምክንያቱ ይሥሩ፤ ምክንያቱን መጨመር ግዴታ ነው፣ ሁለቱን ግሶች በጆሮዎ የሚለያቸው እርሱ ነውና። ከዚያ «ሜ ዴኻስ» እና «ኖ ሜ ዴኻን» ይጨመሩ። «ፖድሪያ»ን እንደ አንድ የአክብሮት ቃል ብቻ ይያዙት፣ ሙሉ እርባታውን አሁን አይሸምድዱ። «ፑዴ» እና «ፖዲያ» የሚመጡት ኃላፊ ጊዜን በሌሎች ግሶች ላይ ከለመዱ በኋላ ነው፤ «ፑዌዴ ኬ» ደግሞ ከዚያም በኋላ።